ድሪቶ በዶላር

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ይህን የማነሳው ለመመካት አይደለም፤ ከዚህ በታች የሚመጣው ውርደት ከየት እንደጀመረ እንዲታወቅልኝ ነው። መርካቶ ውስጥ፣ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ፣ በእግር የምትረገጥ ጥቁር የሲንጀር ስፌት መኪና ይዞ ከ30 ዓመት በላይ ተቀምጧል። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ መኪናዋ ሥር ገብቼ ከመቀሱ የሚወድቀውን ብጣሽ እለቅም ነበር። ካኪው ለብቻ፣ ቴትሮኑ ለብቻ፣ አቡጀዲው ለብቻ። ብጣሹ ማታ በጆንያ ታጭቆ ቤት ይገባል። ክረምት ሲቃረብ እናቴ ጆንያውን መሬት ላይ ትዘረግፍና ድሪቶ ትደርታለች።

ድሪቶን የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም፤ አላውቅም የሚል ግን ሞልቷል። እራፊ በእራፊ ላይ እየተደረበ፣ በወፍራም መርፌ እየተሰፋ የሚሠራ ልብስ ነው። ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ ያሳፍራል። እኛ ሦስት ወንድማማቾች አንድ ድሪቶ ሥር ተኝተን ነው ያደግነው። እንግዳ በር ሲያንኳኳ ግን እናቴ "ማነው?" ከማለቷ በፊት "ድሪቶውን!" ትላለች በሹክሹክታ። ከሦስታችን አንዱ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ይወረውረዋል። አንድ ቀን በችኮላ ታናሽ ወንድሜን አብሬ ጠቅልዬው፣ እንግዳዋ ቡና ጠጥታ እስክትሄድ አልጋ ሥር ድምፁን አጥፍቶ ቆይቷል። ያኔም ቢሆን ቤተሰባችን ክብሩን ጠባቂ ነበር።

ቃሉ ራሱ ስድብ ሆኗል። ከዚህም ከዚያም ቀድቶ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ሲገኝ ሥራው "ድርሰት ሳይሆን ድሪቶ" ይባላል። እኔ በዚህ አባባል አልስማማም። የእናቴ ድሪቶ ውስጥ የተሰረቀ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ብጣሽ የተገኘው በባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ እንዲያውም ባለቤቱ አያስፈልገኝም ብሎ የተወው ነው።

አሁን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ መኪና ማቆሚያ ምድር ቤት፣ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጬ ማታ ማታ ሒሳብ እቀበላለሁ። ሥራው አይከብድም፤ የሚከብደው ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት መኪና አይወጣም አይገባም። ከፎቁ ጥበቃዎች አንዷ፣ ሰባዎቹን የተሻገሩ የአላባማ ሴት፣ ይህን ሰዓት የሚገፉት በመርፌ ነው። ወንበራቸውን ከእኔ ሣጥን አጠገብ ያስጠጉና ከቦርሳቸው ባለ አራት ማዕዘን ብጣሽ እያወጡ አንዱን ከአንዱ ይገጥማሉ። አንድ ሌሊት አላስችል አለኝና "እኛም አገር ይሄ አለ" አልኳቸው።

"ምን ትሉታላችሁ?"

"ድሪቶ።"

"ትርጉሙስ?"

ዝም አልኩ። ኋላ "የድሃ ልብስ" አልኩ፤ አልኩና ደነገጥኩ። ሴትዮዋ ግን መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው እስኪያነቡ ሳቁ። "የእኛስ የማን መሰለህ?" አሉኝ።

እርሳቸው ከተወለዱበት ሰፈር ብዙ ሳይርቅ ጂስ ቤንድ የሚባል ቦታ አለ። የአላባማ ወንዝ ዞሮ ዞሮ በሦስት ጎኑ የከበበው መንደር ነው፤ ነዋሪዎቹ እዚያው የጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የነበሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ሴቶቹ የተቀደደ የሥራ ልብስ፣ የዱቄት ከረጢት፣ ያረጀ ጂንስ እየገጣጠሙ ልጆቻቸውን ከብርድ የሚያስጥል ኩዊልት ይሰፉ ነበር። ቤቶቹ ነፋስ የሚያስገቡ ስለነበሩ አንዱ አይበቃም፣ ይደራረባል። እ.ኤ.አ. በ2002 ያ ብርድ ልብስ ሂውስተን ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ገባ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አደረገው። እናቴ አልጋ ሥር የምትደብቀውን ነገር እዚህ አገር ምላስ አስነክተው ፖስታ ላይ ይለጥፉታል ማለት ነው። (የዛሬ ቴምብር እንኳ ምራቅ አይፈልግም፤ ለነገሩ ማማሪያ ይሁነኝ።)

ከሁሉም ልቤን የነካችኝ ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባለው የዚያ መንደር ሴት ናት። ባሏ ሲሞትባት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ የሥራ ልብሶቹን ሱሪውን ከሸሚዙ ገጣጥማ፣ ከሥሩ ተኝታ ልትሞቅበት፣ ልታስታውሰውም ኩዊልት ሠራችው። የጉልበቱ እድፍና የኪሱ ጥላ ሳይቀር በጨርቁ ላይ አለ። ሴትዮዋ ይህን ሲነግሩኝ የአባቴ ካኪ ኮት ትዝ አለኝ። ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ይዤው መጥቼ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፤ አይለበስ፣ አይጣል።

አፌ ያመለጠው እዚህ ላይ ነው። "አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር" አልኳቸው፤ እዚያ ላይ ብቆም ምን ነበረበት? "እኔም እሰፋለሁ" ብዬ ጨመርኩበት። በሕይወቴ ሰፋሁ የምለው የሸሚዝ ቁልፍ ነው፤ እርሱም ሁለቴ ወልቋል።

እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጉልበቷን ያማታል። ለጉልበቷ ኩዊልት ልስፋላት ወሰንኩ። ደውዬ ነገርኳት።

"ኩዊልት ምንድን ነው?"

"ጨርቅ ነው እማዬ፤ የተለያየ ጨርቅ ተቆርጦ፣ ተገጣጥሞ፣ መሐሉ ጥጥ ገብቶ፣ ከሥር ገበር ተደርጎ..."

ስልኩ ውስጥ ዝምታው ረዘመ። የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" ስል፣ "ድሪቶ ነው በለኛ!" አለች። "አሜሪካ ጨርቅ ጠፋ?"

ዘመናዊ መሆኑን ላስረዳት ሞከርኩ። ነገሩ እውነት ነው። የድሮው የአሜሪካ ኩዊልት ኮከብ፣ ቅርጫት፣ የእንጨት ጎጆ እያለ በተወሰነ ሥርዓት የሚደጋገም ነው። ዘመናዊ የሚባለው ደግሞ ባለ አንድ ቀለም ጨርቅ ያበዛል፣ ብዙ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ መሐል መሐሉን ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ያደላል፤ ሰፊዎቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ሎስ አንጀለስ ላይ ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። እናቴ አዳምጣ አዳምጣ "ታዲያ ጠማማ ከሆነ ምኑ ነው ዘመናዊ?" አለችኝ። አባቴም በሕይወት ቢኖር የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ንድፉን ያወጣሁት በመስታወት ሣጥኔ ውስጥ፣ ባለ ካሬ ደብተር ላይ፣ በልጄ ባለቀለም እርሳሶች ነው። ሐሳቡ የመጣልኝ ከአውሮፕላን መስኮት ነው። ቦሌ ልታርፉ ስትሉ ወደ ታች አይታችሁ እንደሆነ የአዲስ አበባ ቆርቆሮ ጣሪያ ራሱ ድሪቶ ነው፤ አንዱ ዝጎ ቡናማ፣ አንዱ ትናንት ተመትቶ የሚያብለጨልጭ፣ አንዱ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ አንዱ ጋ ዝናብ የሚያስገባበት ቦታ ሰማያዊ ላስቲክ ድንጋይ ተጭኖበት። ይህን በ80 ካሬ አስቀመጥኩት፤ ወርዱ 8፣ ቁመቱ 10፣ እያንዳንዱ ካሬ ሲያልቅ 6 ኢንች በ6 ኢንች። ጠቅላላው 48 በ60 ይመጣል፤ ለእናቴ ጉልበት ተርፎ ለጎረቤቷም ይበቃል። ለዝገቱ የአባቴን ካኪና አንድ ያረጀ ቡናማ ኮርድሮይ፣ ለጥላው ጂንስ፣ ለአዲሱ ቆርቆሮ ግራጫ የሱፍ ሱሪ፣ ለቀዩ ጣሪያ ከርካሽ ክምር የተገዛ ቀይ ጨርቅ፣ ለሰማያዊው ላስቲክ ደግሞ አሮጌ የሥራ ሸሚዜን መደብኩ። ባዶ ለሚተወው ሰማይና መንገድ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ያስፈልጋል አሉኝ ጥበቃዋ፤ ልገዛ ሄድኩ።

ሱቅ ውስጥ ጥቅሉን ስዳስስ እጄ ከእኔ በፊት አወቀው። አቡጀዲ ነው! ስሙን ቀይሮ፣ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ፣ በያርድ ይሸጣል። ኋላ ሳነብ የባሰ ነገር አገኘሁ፤ የሚያስገርመው የእኔ ወደ እርሱ መምጣት ሳይሆን የእርሱ ወደ እኛ መሄድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አገራችን በብዛት ከሚገቡት ጨርቆች አንዱ የአሜሪካ አቡጀዲ ነበር። የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1903 ዓፄ ምኒልክ ዘንድ ቀርቦ የሁለቱን አገሮች የመጀመሪያ የንግድ ውል ሲፈርም፣ ከኋላው ሆኖ የሚገፋው አንዱ ነገር ይኸው ጨርቅ ነው። እኛ ቪዛ ለማግኘት ከመሰለፋችን ከስንት ዓመት በፊት እርሱ ሲመላለስ ነበር ማለት ነው። 4 ያርድ ገዛሁ። ገንዘቡን ስከፍል የአገሬን ዕቃ ከባዕድ የምገዛ መስሎኝ ደሜ ፈላ፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ኮቱን ለመተርተር አንድ እሑድ ጠዋት ተቀመጥኩ። አባቴ ስፌት የሚፈታው በግማሽ ምላጭ ነበር፤ ምላጩን ሁለት ጣቶቹ መሐል ይይዝና ክሩን ትክ ትክ እያደረገ ሲሄድ ጨርቁ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል። እኔ ለዚሁ የተሠራውን ባለ ሹካ መፍቻ በ3 ዶላር ገዝቼ ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ አንዱን እጅጌ አበላሸሁት። ክንዱን፣ ጀርባውን፣ ኮሌታውን ለያየሁና ወደ ውስጠኛው ኪስ ደረስኩ። ገልብጬ ሳየው መፍቻው ከእጄ ወደቀ።

ኪሱ የተሠራው ከአምስት ብጣሽ ነው። አንዱ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰማያዊ ነው፤ የእኔ ይሁን የወንድሜ አላወቅሁትም። አንዱ ባለ ሰረዝ ቴትሮን፣ አንዱ የአንሶላ ጫፍ፣ አንዱ አቡጀዲ፣ ትንሿ ደግሞ ከጥፍር ብዙ የማትበልጥ ቀይ ከፋይ። ለሰው ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የሚውለው ሰውዬ በደረቱ በኩል ይዞ የሚዞረው ድሪቶ ነበር። ገንዘቡን፣ መታወቂያውን፣ የዕቁብ ደብተሩን እዚያ ውስጥ ነው የሚከተው። ኪሱን አልቆረጥኩትም፤ እንዳለ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት።

ቀሪውን ቆረጥኩ። ጥበቃዋ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር፤ 6 ኢንች ተኩል ቁረጥ፣ ሩብ ኢንች ስፋ። በዙሪያው ሩብ ሩብ ስፌት ውስጥ ሲገባ 6 ይቀራል። አቆራረጡ ላይ እንከን የለኝም። ፒዛ መቁረጫ የመሰለች ክብ ቢላ አለች፤ ከማስመሪያ ጋር ስትሄድ ስድስት ድርብ ጨርቅ እንደ ቅቤ ትቆርጣለች፤ የአውራ ጣቴንም ጫፍ እንደዚያው። ስፌቱ ላይ ግን ደሜ ውስጥ ያለው አባቴ ነቃ። ልብስ ሰፊ ለስፌት የሚተወው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ልብስ ይሰፋል፣ ይጠብባል፣ ደንበኛ ይወፍራል። የወረቀቱን "ሩብ ኢንች" ሳየው የሴትዮዋ ስህተት መሰለኝ። እንዲህ ቀጭን ስፌትማ ይተረተራል ብዬ፣ እንደ ባለሙያ ልጅ፣ በገዛኋት ያገለገለች የስፌት መኪና አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል እየለቀቅሁ አራት ረድፍ ሰፋሁ። አምስተኛውን ከመጀመሬ በፊት ለማሳየት ሥራ ቦታ ይዣቸው ሄድኩ።

ሴትዮዋ ረድፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ለኩት። ምንም አልተናገሩም፤ ሜትር አወጡ። 48 መሆን የነበረበት 42 ገደማ ነው። ስምንት ካሬ ላይ ከእያንዳንዱ ሩብ ጉዳይ ኢንች ያህል ስትሰርቅ ወደ ስድስት ኢንች ይሆናል፤ ቁጥር ስሠራ የማድረው ሰውዬ ይህ አልታየኝም። "ተርትረው" አሉኝ። ሦስት ሌሊት ያስፈጀኝን? ቀሪዎቹን ስድስት ረድፎች በሩብ ኢንች ልስፋና ሁሉንም ላምጣው ብዬ ለመንኩ። አመጣሁት፤ ስድስቱ 48፣ አራቱ 42። አንድ ላይ ሲነጠፉ ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ከጎኑ ይስቃል።

ዘመናዊ መሆን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ አዩትና "ተወው፤ የጎደለውን በሌላ ሙላው" አሉኝ። የጂስ ቤንድ ሴቶችም ጨርቅ ባነሰ ቁጥር የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ያለውን ይጨምራሉ፣ ጠማማነቱም ስልት ይባላል። እኔ ደግሞ ስልት የሚል ቃል ከሰማሁ መያዣ የለኝም። ለክፍተቱ 6 ኢንች ወርድ፣ 21 ኢንች ቁመት የሚሞላ ነገር ፍለጋ ቤት ገባሁ፤ ቁም ሳጥኑን ስከፍት አንድ ነጠላ ከታች ተጣጥፎ አየሁ። ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ፣ ከዝገት ጋር ሲሆን ልብ የሚሰርቅ። ሲለበስ አይቼው አላውቅም። የማይለበስ ልብስ የተጣለ ልብስ ነው ብዬ ጥለቱን ቆረጥኩት።

ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ የቀረውን ነጠላ ወንበር ላይ አየችው። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። "ይሄ እኮ የመልሴ ቀን የለበስኩት ነው" አለች በቀስታ። ሲለበስ አይቼው አላውቅም ማለቴን አስታውሱ። በመልሱ ቀን አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

ለአንድ ሳምንት የተነጋገርነው በልጃችን በኩል ነው።

ጨርቅ እንደ ሰው ነው፣ አብሮ ለመኖር ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል ብዬ መጻፍ አምሮኝ ነበር፤ ግን አይደለም። ጨርቅ ከሰው ይከፋል። ሰው ቢያንስ ለምን እንደተቀየመ ይናገራል። ነጠላው ሳሳ ብሎ የተሸመነ ስለሆነ መርፌው ሲወርድ ይዞት ወደ መኪናው ሆድ ይገባል፤ ከሥሩ አቡጀዲ ካልተደረበለት አይሆንም። ኮርድሮዩ ሲሰፋ ይንሸራተታል፤ እኩል ጀምረው እኩል አይጨርሱም። ጂንሱ አራት ድርብ በሆነበት ቦታ ላይ መርፌ ሰብሮ፣ ስባሪው መነጽሬን ነክቶ አለፈ። ስፌቱን ለማስተኛት ካውያ ማስነካት ግዴታ ነው፤ እኔም በጥጥ ልክ አግዬው ከካሬ ካሬ ስሄድ የሥራ ሸሚዜ ላይ ደረስኩ። ሸሚዙ ፖሊስተር ነው። ሰማያዊው ላስቲክ እውነተኛ ላስቲክ ሆኖ ከካውያው ሥር ቀለጠ፤ ሸተተ፤ የጭስ ደወሉ ቤቱን አናወጠው። ባለቤቴ ወንበር ላይ ወጥታ ደወሉን የምታራግበው በምን መሰላችሁ? በቀረው ነጠላ። እዚያ ላይ ሁለታችንም ሳቅን፤ ዕርቁም ያለ ሽማግሌ ወረደ።

ፊቱ ካለቀ በኋላ ሦስቱ ይደረባሉ፤ ከሥር ገበር፣ መሐል ጥጥ፣ ከላይ ፊት። በመርፌ ቁልፍ ተያይዘው፣ ሦስቱን አንድ ላይ የሚወጋ ስፌት ከዳር እዳር ይነዳባቸዋል። ይህን የሠራሁት የዕረፍት ቀኔ ሌሊት ነው፤ ብርድ ስለነበር ጋቢዬን ደርቤ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ልነሳ ስል ኩዊልቱ አብሮኝ ተነሳ። የጋቢዬ ጫፍ ገበሩ ሥር ገብቶ አንድ ክንድ ሙሉ አብሮ ተሰፍቷል። ጋቢው ኩዊልቱን፣ ኩዊልቱ መኪናዋን ይዘው ተከተሉኝ። ያቺ ያገለገለች የፕላስቲክ መኪና ናት፣ ቀላል ናት፤ የአባቴ ሲንጀር ብትሆን የምቀደደው እኔ ነበርኩ። በአንድ እጄ መኪናዋን ታቅፌ፣ በሌላው በሩን ከፈትኩ።

ከታች ፎቅ ያለው ጎረቤቴ ነው፤ ፒጃማ ለብሷል። ስለ ድምፁ ሊናገር እንደመጣ ከፊቱ ያስታውቃል። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። በነጭ ልብስ የተጠቀለለ ሰው፣ ከነጩ ልብስ ላይ የበቀለ ባለ ብዙ ቀለም ጨርቅ፣ ከጨርቁ ላይ ያልተነቀለ መኪና፣ ከመኪናው የሚወርድ ገመድ። "ደህና ነህ?" ብቻ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ሁለተኛ መጥቶ አያውቅም፤ ሊፍት ውስጥ ስንገናኝም ቦታ ይለቅልኛል።

ጋቢውን ለመተርተር ከስፌቱ የበለጠ ጊዜ ፈጀ። ጠርዙን ዘመዘምኩ፤ ኪሱን ከመሳቢያ አውጥቼ፣ ሰዎች ስማቸውን በሚጽፉበት በገበሩ ጥግ ላይ፣ አፉ ክፍት እንደሆነ በእጄ ሰፋሁት። አንዷ ጥግ ላይ ክሩ አለቀብኝና እንደምንም ቋጥሬ ተውኩት። ከዚያ አጠብኩት። ቀዩ ጨርቅ ለቀቀ። የሰማዩ አቡጀዲ የፀሐይ ግባት የመሰለ ሮዝ ሆነ። ጨርቁን ሳይሰፋ በፊት ማጠብ እንደሚገባ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ኖሯል፤ በጀርባው። አቡጀዲው ውሃ ሲነካው ደግሞ ተሰበሰበና ጠቅላላው ተጨማደደ። ሴትዮዋ ሲያዩት እጃቸውን አጨበጨቡ፤ ኩዊልት ወዳጆች የሚፈልጉት ይህንን ጭምድድ ነው፣ ዕድሜ የጠገበ ያስመስለዋል አሉ። ሦስት ወር ሠርቼ ሲወለድ ያረጀ ነገር ወለድኩ።

ወጪውን አልደብቅም፤ መኪናዋን፣ ጥጡን፣ ቢላዋን፣ መርፌውን ጨምሮ ከ200 ዶላር አለፈ። ሀሪየት ፓወርስ የምትባል በጆርጂያ በባርነት የተወለደች ሴት እ.ኤ.አ. በ1886 ገደማ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በጨርቅ ሥዕል የሰፋችበትን ኩዊልት ኋላ ቸግሯት በ5 ዶላር ሸጣዋለች። ዛሬ እዚሁ ዋሽንግተን፣ የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። እኔ ከምሠራበት ምድር ቤት ሩቅ አይደለም። የእኔን በ5 ዶላር የሚገዛ ቢመጣ ሳልከራከር እሰጠው ነበር።

ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አግኝቼ ላክሁት። ሰውዬው ሁለቱን 23 ኪሎውን ለስልክና ለጫማ መድቦ ኖሮ፣ ኩዊልቱን ሲያይ "ይሄን ነው እንዴ?" ብሎ እንደ ሕፃን አቅፎ ነው የተሳፈረው። እናቴ መድረሱን ነገረችኝ፤ "እግዜር ይስጥልኝ" አለች፣ አጭር። ሁለት ሳምንት ስለ ኩዊልቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አልጠየቅሁም፤ የት እንዳለ ገምቻለሁ፣ አልጋ ሥር ነው።

በሦስተኛው ሳምንት እህቴ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ሳሎኑ ሙሉ ነው፣ ጎረቤቶች ቡና ላይ ናቸው። ስልኩ ዞር ሲል ከመስኮቱ ሥር የአባቴን ሲንጀር አየሁ፤ ኩዊልቱን ለብሳለች፤ ግን ተገልብጦ። ጣሪያዎቹ፣ ዝገቱ፣ የመልሱ ጥለት ሁሉ ወደ ውስጥ ገብተው፣ የሚታየው ሙሉው የገበር ጨርቅ ነው።

"እማዬ፣ ፊቱ እኮ በዚያ በኩል ነው!"

"አውቃለሁ" አለች። "ሰው እያለ?"

ተነሥታ ወደ መኪናዋ ሄደች፤ እህቴ በስልኩ ተከተለቻት። እንደምንም ቋጥሬ የተውኳትን ጥግ አነሣች። በነጭ ክር፣ ዐይን በማይለየው ስፌት ተፈትታ ተሰፍታለች። ጥጓን ለቀቀችና ጣቷን ኪሱ ላይ አሳረፈች፤ ሰማያዊውን፣ ባለ ሰረዙን፣ ያቺን ትንሽ ከፋይ አንድ በአንድ ዳሰሰች።

"የአባዬ ስፌት ነው" አልኩ። "ከኮቱ ውስጥ አገኘሁት።"

"የአባትህ?" አለች፤ ጎረቤቶቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ። "አባትህ እንዲህ ጠማማ ይሰፋ ነበር? እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ በሌሊት።"

መነጽሯን አውልቃ ኪሱ ውስጥ ከተተችና ወደ ቡናው ተመለሰች።